ጉልበት የሚበረታው በገዛ ሥራው ነው
ስለ ጉልበት ሕመምና በሮቦት ስለሚረዳ የሰውነት ማጠንከሪያ የቀረበ አስተያየት

በአማርኛችን ጉልበት የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ጭንን ከቅልጥም ጋራ የሚያገናኘው መገጣጠሚያ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ብርታት፥ ኀይልና የመሥራት ችሎታ ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ጉልበቱ የታመመ ሰው እጁና ዐይኑ ደኅና ቢሆኑም እንኳ ከተቀመጠበት ለመነሣት፥ ደረጃ ለመውጣት፥ ከገበያ ዕቃ ይዞ ለመመለስ፥ ለመስገድና ለመንበርከክ ይቸገራል። ቀስ በቀስም ከሥራው፥ ከዕድሩና ከዘመድ ጥየቃው እየቀረ በቤቱ ጥግ ይወሰናል። ሕመሙ የሚጀምረው በአንድ መገጣጠሚያ ቢሆንም የሚያደክመው ሰውየውን በሙሉ ነው።

ስለዚህ በዚህ ወር እትማችን ስለ ጉልበት ሕመም፥ ይልቁንም ይህን ሕመም ለማስታገሥ በሮቦት እየተረዱ ስለሚሠሩት የሰውነት ማጠንከሪያ ያለንን ሐሳብ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ነገሩ አዲስ በመሆኑ አንዳንዱ ሰው ወሬውን ሲሰማ እንደ ተአምር ይቆጥረዋል፤ አንዳንዱም የባለጸጎች መጫወቻ ነው ብሎ ይንቀዋል። እኛ ግን ሁለቱም ፍርድ የቸኮለ ነው እንላለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ኦስትዮአርትራይተስ የሚሉት ሕመም መገጣጠሚያዎችን ቀስ በቀስ የሚያዳክም ሕመም ነው። በጤነኛ ጉልበት ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍን ለስላሳና የሚያሟልጭ ልም አጥንት አለ። ይህ ልም አጥንት ሰው ሲራመድ ጫናውን ተቀብሎ ያከፋፍላል፤ አጥንት ከአጥንት ጋራ እንዳይፋተግም ይከለክላል። ሕመሙ ሲጀምር ልም አጥንቱ ይሳሳል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ይለወጣል፤ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያለው ስስ ሽፋን ይቈጣል፤ የጭኑም ጡንቻ ይደክማል። እንግዲህ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጉልበት እንደ ጫማ ሶል በመረገጥ ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የታመመው መገጣጠሚያው በሙሉ ነው፤ ከዚህም ጋራ መገጣጠሚያውን የሚደግፉት ጡንቻዎች ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋራ ይኖሩ ነበር። ከመገጣጠሚያዎች ሁሉ አብዝቶ የሚጠቃው ጉልበት ሲሆን፥ የጉልበት ሕመምተኞቹ ቍጥር 365 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ከሕመምተኞቹ ከ100 73ቱ ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት የበለጠ ነው፤ ከ100 60ዎቹም ሴቶች ናቸው። ዕድሜ፥ የሰውነት ውፍረት፥ ቀድሞ የደረሰ የጉልበት ጉዳት፥ እንዲሁም ዘወትር መንበርከክንና ከባድ ሸክም ማንሣትን የሚጠይቅ ሥራ ሕመሙን ከሚጠሩት ምክንያቶች መካከል ይገኛሉ። የሰው ዕድሜ እየረዘመ ሲሄድ የሕመምተኛው ቍጥር እየበዛ መሄዱ የማይቀር ነው። ስለሆነም ይህ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

ዕረፍት መድኃኒት ነውን?

በየቤቱ ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ ጎልቶ የሚሰማው «ጉልበትህን ካመመህ አትነቃነቅ፤ ዐርፈህ ተቀመጥ» የሚለው ነው። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነው። ልጆች ለእናታቸው አዝነው ውሃ እንዳትቀዳ፥ ደጅም እንዳትወጣ ይከለክሏታል። ነገር ግን ፍቅር ያለ ዕውቀት ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ይጎዳል።

ምክንያቱንም እንግለጥ። ልም አጥንት እንደ ሌላው የሰውነት ክፍል የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ሰው ሲራመድ ልም አጥንቱ ይጫናል፥ ይለቀቃልም፤ ይህም መጫንና መለቀቅ ፈሳሹ እንዲገባና እንዲወጣ ያደርገዋል። እንግዲያስ ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ በአግባቡ አልተመገበም ማለት ነው። ጡንቻም እንዲሁ ካልሠራ ይሟሽሻል። ከጭን ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ጡንቻ ጉልበትን ቀጥ የሚያደርግ፥ በእርምጃም ጊዜ ድንጋጤውን የሚቀበል ነው። እርሱ ሲደክም ጫናው ሁሉ በመገጣጠሚያው ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ሕመሙ ይብሳል፤ ሕመሙ ሲብስ ሰውየው ይበልጥ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥም ጡንቻው ይበልጥ ይደክማል። በዚህ ዐይነት ነገሩ እንደ መዘውር ይሽከረከራል።

ይህን መዘውር የሚያቆመው የተመጠነ እንቅስቃሴ ነው። ኮክሬን የተባለው፥ የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመረምረው ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2015 ከ54 ጥናቶች ያጠናቀረው ማስረጃ የሰውነት ማጠንከሪያ የጉልበትን ሕመም እንደሚቀንስና የመሥራትን ችሎታ እንደሚያሻሽል አመልክቷል። ይኸው ድርጅት በ2024 ምርመራውን አስፍቶ 139 ጥናቶችን በተመለከተ ጊዜም ጥቅሙ መኖሩን አረጋግጦ፥ መጠኑ ግን በአማካይ ሲታይ ልከኛ መሆኑን ተናግሯል። እኛም ይህን አንሰውርም። የሰውነት ማጠንከሪያ የተሳሳውን ልም አጥንት እንደ ገና አያበቅልም፤ ሕመምንም በአንድ ሌሊት አያጠፋም። ነገር ግን ዘወትር ከሚዋጥ ማስታገሻ ጋራ ስናነጻጽረው፥ ማስታገሻው በረዘመ ጊዜ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ሲችል፥ በልክ የተሠራ እንቅስቃሴ ግን ለልብ፥ ለደም ግፊትና ለእንቅልፍ ጭምር ይበጃል።

መሣሪያ ያልያዘ ምሳሌ

በዴንማርክ አገር በ2013 የተጀመረ ግላድ የተባለ አንድ ሥርዐት አለ። በዚህ ሥርዐት ሕመምተኞች በመጀመሪያ ስለ ሕመማቸው ይማራሉ፤ ከዚያም በሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት እየተመሩ በሳምንት 2 ጊዜ ለ6 ሳምንት፥ በድምሩ 12 ጊዜ፥ የጉልበትና የዳሌ ማጠንከሪያ ይሠራሉ። የሚያስፈልገው ወንበር፥ ደረጃ፥ የላስቲክ ገመድና የሚያስተምር ሰው ነው። ሥርዐቱ ከዴንማርክ ወጥቶ ወደ ካናዳ፥ ወደ አውስትራሊያና ወደ ሌሎችም አገሮች ተስፋፍቷል።

ይህን ምሳሌ ከሮቦቱ አስቀድመን ያነሣነው ሆነ ብለን ነው። አንባቢ ስለ መሣሪያው ሲሰማ «ይህ ሳይኖር ምን ማድረግ ይቻላል?» ብሎ ተስፋ እንዳይቈርጥ፥ መሠረቱ በእጁ መሆኑን እንዲያውቅ ነው።

ከስቶክሆልም እስከ ጹኩባ

ሰውነትን በመሣሪያ ማጠንከር የትናንት ሐሳብ አይደለም። ጉስታቭ ሳንደር የተባለው የስዊድን ሐኪም በ1865 በስቶክሆልም ከተማ የመሣሪያ ጂምናስቲክ የሚሰጥበት ቤት ከፍቶ ነበር። መሣሪያዎቹ በክብደት፥ በመዘውርና በዘንግ የሚሠሩ ነበሩ፤ አንዳንዶቹንም የሚያንቀሳቅሳቸው የእንፋሎት ኀይል ነበር። ሐሳቡ በአውሮፓና በአሜሪካ ተወድዶ ብዙ ተመሳሳይ ቤቶች ተከፈቱ፤ ኋላም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ፋሽኑ አለፈ።

ሮቦት የሚለውም ቃል ወደ ዓለም የወጣው የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው ተውኔት ነው። ቃሉ የተወሰደው ሮቦታ ከሚለው የቼክ ቃል ሲሆን፥ ትርጓሜውም ገባር ለጌታው ሳይወድ በግዱ የሚሠራው የጉልበት ሥራ ማለት ነው። በስሙ ውስጥ እንኳ ጉልበት ይገኛል።

ዛሬ ለተሐድሶ ሕክምና የሚያገለግሉት ሮቦቶች በብዙ ዐይነት ቢሠሩም፥ በሦስት ክፍል ልንመድባቸው እንችላለን። አንደኞቹ ከወለል ላይ የተተከሉ ናቸው፤ ሕመምተኛው በመታጠቂያ ተደግፎ በሚንቀሳቀስ ምንጣፍ ላይ ሲራመድ እግሮቹን በሞተር ያግዙታል። በስዊስ አገር የተሠራው ሎኮማት የዚህ ዐይነት ነው፤ ባብዛኛው የሚያገለግለውም የጭንቅላት ደም ሥር ችግር ወይም የአከርካሪ ጉዳት ለደረሰባቸው ሰዎች ነው። ሁለተኞቹ እንደ ልብስ የሚታጠቁ ናቸው። በጃፓን አገር በጹኩባ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ዮሺዩኪ ሳንካይ የተፈለሰፈውና በ2004 በተቋቋመው ሳይበርዳይን በተባለው ኩባንያ የሚሠራው ሃል የሚባለው መሣሪያ ከእነዚህ ውስጥ ስመ ጥር ነው። ሦስተኞቹ ሕመምተኛው ተቀምጦ ወይም ተጋድሞ ሳለ ጉልበቱን ብቻ እያጠፉና እየዘረጉ፥ አንዳንድ ጊዜ እያገዙ አንዳንድ ጊዜም እየተቃወሙ፥ የሚያሠሩት ናቸው።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። በመሣሪያው ላይ የተሰኩ መለኪያዎች ጉልበቱ ምን ያህል እንደታጠፈና ሰውየው ምን ያህል ኀይል እንዳወጣ በየቅጽበቱ ያነብባሉ። ኮምፒዩተሩ ይህን ተቀብሎ ያሰላና ለሞተሩ ትእዛዝ ይሰጣል። ሃል ደግሞ ከዚህ አልፎ፥ ሰው እግሩን ለማንቀሳቀስ ሲያስብ ወደ ጡንቻው የሚደርሰውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ከቆዳው ላይ ያነብባል። የጥሩ መሣሪያ ዋናው ሕግ «በሚያስፈልገው ልክ ብቻ አግዝ» የሚለው ነው። ሕመምተኛው መቶውን እጅ መሥራት ቢያቅተውና ሰባውን ቢሠራ፥ መሣሪያው ሠላሳውን ብቻ ይጨምራል። በሚቀጥለው ሳምንት ሰውየው ሰማንያ ሲደርስ መሣሪያው ወደ ሃያ ይወርዳል። አዋቂ አስተማሪ የሕፃን እጅ ይዞ ፊደል እንደሚያስጽፍ፥ በኋላም እጁን እንደሚለቅ ማለት ነው።

የምናመሰግንበት ምክንያት

በዚህ ዐይነት ሲሠራ መሣሪያው እውነተኛ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል። ሕመሙ የጸናበት ሰው የገዛ ክብደቱን ተሸክሞ መነሣትና መቀመጥ ሲያቅተው፥ መሣሪያው ክብደቱን አቅልሎለት ልምምዱን እንዲጀምር ያደርገዋል። ሳይሰለች፥ ሳይቸኩልም ያንኑ እንቅስቃሴ በትክክል ይደጋግማል። ከሁሉም በላይ ይለካል። ሕመምተኛው ባለፈው ሳምንት ጉልበቱ ስንት ዲግሪ ይታጠፍ እንደ ነበረ፥ ዛሬ ስንት እንደደረሰ በቍጥር ሲያይ ተስፋው ይታደሳል። ጉልበቱ ከተሰቀለበት ፍርሀት የተላቀቀ ሰው ደግሞ እቤቱም ሲገባ ለመራመድ ይደፍራል። በጉልበት ሕመም ላይ ፍርሀት ራሱ ግማሽ ሕመም መሆኑን የሚያስታምሙ ሁሉ ያውቁታል።

የምንጠነቀቅበት ምክንያት

ይሁን እንጂ ከማመስገናችን ጋራ የምናስጠነቅቅባቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፥ መሣሪያው ከመጠን በላይ ካገዘ ሰውየው ይሰንፋል። ሞተሩ ሥራውን ሁሉ ሲሠራለት ጡንቻው ዐርፎ ይቀመጣል። ሕመምተኛው ግማሽ ሰዓት በመሣሪያው ላይ ቢቆይም፥ የተንቀሳቀሰው ብረቱ እንጂ እርሱ አይደለም። ስለዚህ ነገር የሚያስተምር አንድ ታሪክ አለ። ሮበርት ሳልተር የተባሉት የካናዳ ሐኪም ከ1970 ጀምሮ መገጣጠሚያን ያለ ዕረፍት በመሣሪያ የማንቀሳቀስን ሐሳብ አፍልቀው በእንስሳት ላይ ባደረጉት ምርመራ የልም አጥንትን መዳን እንደሚረዳ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ጉልበታቸው በቀዶ ሕክምና በተተካላቸው ሰዎች እግር ሥር ይህን መሣሪያ ማኖር በብዙ ሆስፒታሎች የተለመደ ሆነ። ነገር ግን ኮክሬን በ2014 24 ጥናቶችን መርምሮ፥ መሣሪያው ለእነዚህ ሕመምተኞች በሕክምና ዐይን የሚቆጠር ጥቅም እንዳላመጣ አስታወቀ። የሳልተር ሐሳብ ከንቱ ነበር ማለታችን አይደለም፤ በአንዱ ቦታ የሠራ ነገር በሌላው ቦታ ሳይፈተን ይሠራል ተብሎ እንዳይገዛ ለማሳሰብ ነው።

ሁለተኛ፥ በዚህ ሕመም ላይ ስለ ሮቦቶች የተደረጉት ጥናቶች ባብዛኛው ጥቂት ሰዎችን የያዙና ለአጭር ጊዜ የቆዩ ናቸው። የሃልን ምሳሌ ብንወስድ፥ በጃፓን በ2015 ለሕክምና የተፈቀደው ጡንቻንና ነርቭን ለሚያዳክሙ ለተለዩ ሕመሞች ነው። አንዳንድ የጃፓን ሐኪሞች ጉልበታቸው በቀዶ ሕክምና ለተተካላቸው ሰዎችም ሞክረውታል፤ ሙከራ ግን ሙከራ ነው። መሣሪያው ለአንዱ ሕመም መፈቀዱ ለሌላው ሕመም ማስረጃ አይሆንም። ሻጭ ይህን ልዩነት አይናገርም፤ ገዢ ግን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሦስተኛ፥ መሣሪያ ጠባቂ ይፈልጋል። በ2011 የታተመ አንድ ምርመራ በ16 አገሮች የሚገኙ ከ112,000 የሚበልጡ የሕክምና መሣሪያዎችን ዝርዝር ተመልክቶ፥ በድኾች አገሮች ከ100 መሣሪያዎች ወደ 38 የሚሆኑት ከአገልግሎት ውጭ መሆናቸውን አግኝቷል። ከምክንያቶቹም ዋናዎቹ የሠለጠነ ሰው ማጣት፥ የአያያዝ ጉድለትና የኤሌክትሪክን የመሰለ መሠረታዊ ነገር አለመሟላት ናቸው። ሮቦት ደግሞ ከተራ መሣሪያ ይልቅ ስስ ነው። የመሣሪያው መታጠፊያ ከሰውየው ጉልበት ጋራ በትክክል ካልገጠመ፥ የታመመውን መገጣጠሚያ ይባስ ሊያሳምም ይችላል።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

ከዚህ በላይ ከዘረዘርነው ተነሥተን ሐሳባችንን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለ፥ ከመሣሪያው ሰው ይቅደም እንላለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ብዙ አገሮች ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ያሉት የተሐድሶ ባለሙያዎች ከ10 ያንሳሉ። የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2023 የተሐድሶ ሕክምና በጤና አገልግሎት ሁሉ ውስጥ እንዲጠናከር የወሰነውም ይህ ጉድለት ስለታየ ነው። እንግዲህ አንድ ሆስፒታል ለሮቦት መግዣ ገንዘብ ባገኘ ጊዜ ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፤ ሕመምተኛውን መርምሮ የሚመክር፥ ልምምዱን የሚመጥን፥ ከወር በኋላም ጠርቶ የሚጠይቅ ፊዚዮቴራፒስት አለን? ከሌለ የመጀመሪያው ብር ለእርሱ ማሠልጠኛ ይዋል። የሠለጠነ ሰው ያለ ሮቦት ብዙ ሕመምተኛ ይረዳል፤ ሮቦት ግን ያለ ሠለጠነ ሰው ማንንም አይረዳም።

ይህን ስንል «መሣሪያው ዛሬ ካልገባ ወደ ኋላ እንቀራለን» የሚሉ ወንድሞች እንደሚቃወሙን እናውቃለን። ሐሳባቸው የሚናቅ አይደለም። ሕዝብ አዲሱን ዕውቀት ሳይነካው እየሰማ ብቻ ሊኖር አይገባውም። ስለዚህ መልሳችን «አይግባ» የሚል ሳይሆን «በቦታውና በሥርዐቱ ይግባ» የሚል ነው። ቦታው ባለሙያዎች በተሟሉበት፥ ተማሪዎችም በሚሠለጥኑበት ትልቅ ሆስፒታል ነው። በዚያ መሣሪያው ለጉልበት ሕመምተኛ ብቻ ሳይሆን አካሉ በከፊል ለደነዘዘውም፥ አከርካሪው ለተጎዳውም ያገለግላል። ሥርዐቱም ይህ ነው፤ ከመሣሪያው ጋራ የጥገና ውልና መለዋወጫ አብሮ ይምጣ፤ የእያንዳንዱ ሕመምተኛ ውጤት ይመዝገብ፤ በመሣሪያ የተረዳው ያለ መሣሪያ ከሠራው ጋራ ይነጻጸር። ብልጫ ካሳየ ይስፋፋ፤ ካላሳየ ገንዘቡ ወደሚበጅበት ይዙር።

በሌላ ወገን ደግሞ «ወባና ሳንባ ነቀርሳ ሳይጠፉ ስለ ጉልበት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ለእነርሱም የምንለው አለን። ጉልበቱ የታመመ ገበሬ አያርስም፤ ጉልበቷ የታመመ እናት ልጅ አታዝልም። ሕመም ስለማይገድል ብቻ ቀላል አይባልም። የሰውን እንጀራ የሚነሣ፥ ሌላውንም ሰው አስታማሚ አድርጎ ከሥራ የሚያስቀር ሕመም የኑሮ ጠላት ነው። ከሁሉም ይልቅ የምንመክረው ሕክምና ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑ ክርክሩን ይዘጋዋል።

አንባቢ በቤቱ ሊያደርገው የሚችለው

ሮቦት በሌለበት ወንበር አለ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው አስቀድሞ በሐኪም ይታይና የሚከተሉትን ይለማመድ።

አንደኛ፥ ከፍ ባለና በማይንቀሳቀስ ወንበር ላይ ተቀምጦ፥ ቢቻል እጁን ሳይጠቀም፥ ቀስ ብሎ ይነሣ፤ ቀስ ብሎም ይቀመጥ። መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ፥ በየሳምንቱም እየጨመረ ይድገመው።

ሁለተኛ፥ እግሩን ዘርግቶ ከጉልበቱ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ ያኑር፤ ጨርቁንም በጉልበቱ ወደ ታች እየተጫነ የጭኑን ጡንቻ ለጥቂት ጊዜ ያጠንክር፤ ከዚያም ይልቀቅ።

ሦስተኛ፥ በሚችለው ርቀት ሜዳ ላይ ይራመድ። በትር ቢያስፈልገው በታመመው ጉልበት በኩል ሳይሆን በደኅናው በኩል ባለው እጁ ይያዝ። ብዙ ሰው ይህን አዛብቶ ይይዛል፤ በትክክል ሲያዝ ግን ከታመመው ጉልበት ላይ ጫናው ይቀልለታል።

በልምምድ ጊዜ ጥቂት ሕመም ቢሰማ አያስደንግጥ፤ ሕመሙ በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልኩ ትክክል ነው፤ ካልተመለሰ ልምምዱን መቀነስ እንጂ መተው አያስፈልግም። ቡና የሚያፈሉ እናቶችም ዝቅ ካለው በርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ መቀመጫ ቢመርጡ ለጉልበታቸው ይበጃል። ውፍረት ያለው ሰው ክብደቱን ይቀንስ። በ2005 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ በጉልበቱ ላይ ከሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል ይቀልለታል። በቀን ውስጥ ስንት እርምጃ እንደምንራመድ ያሰበ ሰው የዚህን ትርፍ ትልቅነት ያስተውላል።

ነገር ግን ጉልበቱ በድንገት ካበጠና ከጋለ፥ ትኵሳት ከተጨመረበት፥ በመውደቅ ምክንያት መርገጥ ካቃተው ወይም ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፥ ይህ የልምምድ ጉዳይ አይደለም። ሰውየው ሳያሳሽና ሳያስጠምዝዝ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይሂድ። መርዝ የቋጠረ መገጣጠሚያ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊበላሽ ይችላልና።

በመጨረሻም የምናሳስበው ይህን ነው። መሣሪያ ክቡር የሆነው የሰው አእምሮ ስለፈጠረው፥ ሰውንም ስለሚያገለግል ነው። ሮቦቱ የደከመውን እግር ለአንድ እርምጃ ሊያግዘው ይችላል፤ ሁለተኛውን እርምጃ ለመራመድ መወሰን ግን የሕመምተኛው ፈንታ ነው፤ እንዲወስን ማበረታታትም የሐኪሙ፥ የቤተ ሰቡና የጎረቤቱ ፈንታ ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ተብሏል። ስለዚህ በቤታችሁ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቢኖር «ዐርፈህ ተቀመጥ» ከማለት ይልቅ ክንዱን ይዛችሁ «ና፥ እስከ ደጁ እንራመድ» በሉት። መሣሪያው እስኪመጣ ድረስ ይህ ይጀመር፤ መሣሪያውም ከመጣ በኋላ ይህ አይቅር።